ኢ-ሕገ መንግሥታዊ ማለት ምን ማለት ነው?

በሂጃብም ሆነ በመስጂድ ቦታ ጉዳይ ክርክር ሲነሳ «ይህ ውሳኔ ኢ-ሕገ መንግሥታዊ ነው» ሲባል እንሰማለን። ቃሉ «አልወደድነውም» ከማለት የተለየ ሕጋዊ ትርጉም አለው።

በ1987 የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 የአገሪቱ የበላይ ሕግ መሆኑን ይደነግጋል። አዋጅም ሆነ ልማዳዊ አሠራር፣ ወይም የመንግሥት አካል ወይም ባለሥልጣን ውሳኔ ከእሱ ጋር ከተቃረነ ተፈጻሚነት የለውም። አዋጁ በፓርላማ በድምፅ ብልጫ መጽደቁ ብቻ አያድነውም።

ለምሳሌ አንቀጽ 27 እንደሚለው ሃይማኖትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ ብቻ ነው። ዓላማውም የሕዝብን ደህንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርትና ሥነ ምግባር፣ የሌሎችን መብት ወይም መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ማስጠበቅ መሆን አለበት። ስለዚህ ገደብ ሲጣል «በየትኛው ሕግ? ለየትኛው ዓላማ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ማን ይወስናል?

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ ይወስናል። ጥያቄውን ፍርድ ቤት ወይም ባለጉዳዩ ሊያቀርብ ይችላል። ጉባኤው «ትርጉም አያስፈልገውም» ካለ ባለጉዳዩ ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ

አንድ የታወቀ ውሳኔ የእኛኑ ተቋማት ይመለከታል። በውርስ ክርክር የተከሰሱ አንዲት ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት እንደማይፈልጉ ቢያመለክቱም ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ቀጥሎ ወሰነባቸው። አንቀጽ 34(5) ግን በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ መሆኑን ይደነግጋል። በመሆኑም የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ውሳኔውን ሻረው።

ምክር ቤቱ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አልዘጋም፤ ሕልውናቸው በራሱ በሕገ መንግሥቱ የታወቀ ነው። የሻረው ያለ ፈቃድ የተሰጠውን ዳኝነት ነው። መብታችንን የሚጠብቀው ሕገ መንግሥት የእኛንም ተቋማት ሥልጣን ይገድባል።

ማስታወሻ፦ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደፈቀደ ይቆጠራል። ስለዚህ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት የማይፈልግ ሰው ቀርቦ ተቃውሞውን በግልጽ ማስመዝገብ አለበት።