አኑሪዝም

ቃሉ የግሪክ ነው፤ «መስፋት» እንደማለት ነው። ሐኪሞች አኑሪዝም የሚሉት የደም ቅዳ ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ሳስቶ ወደ ውጭ ሲወጠር የሚፈጠረውን ከረጢት ነው። በአንጎል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ደም ቅዳው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ ነው። ከ100 አዋቂዎች 3 ያህሉ ሳያውቁት ይዘውት ይኖራሉ፤ አብዛኛውም ሳይፈነዳ ይቀራል። ስለዚህ አኑሪዝምን «የአንጎል ደም መፍሰስ» ማለት ስህተት ነው። ደም የሚፈሰው ሲፈነዳ ነው።

የትኛው ይፈነዳል? መጠኑ ብቻውን አይናገርም፤ ቅርጹም መታየት አለበት። ሐኪሞች የከረጢቱን ቁመት ለአንገቱ (ከደም ቅዳው ጋር ለሚገናኝበት ቦታ) ስፋት ያካፍላሉ። ቁመቱ 8፣ አንገቱ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ውጤቱ 2 ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል፣ ማለትም አንገቱ ጠቦ ከረጢቱ ሲረዝም፣ ውስጡ የገባው ደም ቶሎ አይወጣም፤ ስጋቱም ይጨምራል። ከረጢቱ ላይ ሌላ ትንሽ ከረጢት ከበቀለ ደግሞ ይብሳል። 6,697 አኑሪዝሞችን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የጃፓን ጥናት፣ እንዲህ ያለው የመፈንዳት ዕድሉ 1.63 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውና ብዙ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ፌዝስ የተባለው የስጋት መለኪያ ዕድሜን፣ ደም ግፊትን፣ መጠንንና ቦታን ሲቆጥር ቅርጽን አይቆጥርም። ይህ በእኔ እምነት ትልቅ ጉድለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ስጋቱን ለመቀነስ ሲጋራ ካጨሱ ያቁሙ፣ ደም ግፊትዎን ይለኩ። በሕይወትዎ አይተውት የማያውቁት ከባድ ራስ ምታት በድንገት ከጀመረዎ ግን አኑሪዝም ፈንድቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።