ከመሬት በታች የፈሰሰ ወንዝ

ዮንከርስ የኒውዮርክ ጎረቤት ናት። ከብሮንክስ ወደ ሰሜን ስትሻገሩ ሌላ ከተማ ገባችሁ ብሎ የሚነግራችሁ ነገር ያለ አይመስልም፤ ከማንሃተን በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ይሁንና ከ2 መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ፣ የራሷ ከንቲባና የራሷ ጣጣ ያላት ከተማ ናት። ስሟም የሆላንዶች ቅርስ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መሬቱን የያዘው አድሪያን ቫን ደር ዶንክ «ዮንክሄር» ይባል ነበር፤ የጌታ ልጅ እንደማለት ነው።

ከተማይቱን ያቆሟት ሁለት ወንዞች ናቸው። ሐድሰን ሰፊውና ዝነኛው ነው። ሶ ሚል ግን ስሙ እንደሚናገረው የእንጨት መሰንጠቂያ ያሽከረክር የነበረ ትንሽ ወንዝ ነው። በእሱ ዳር የአሌክሳንደር ስሚዝ ምንጣፍ ፋብሪካ አደገ፤ በሐድሰን በኩል ደግሞ ኤላይሻ ኦቲስ በ1853 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሳንሰር ሥራውን ጀመረ። የማንሃተን ፎቆች ወደ ሰማይ የተመዘዙት በዮንከርስ ወዛደር ጉልበት ጭምር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትንሹ ወንዝስ ለውለታው ምን አገኘ? የፋብሪካ ቆሻሻ ጠጥቶ ሲከረፋ፣ እየሞላም ሲያስቸግር ጊዜ፣ በ1920ዎቹ መሐል ከተማ ላይ ከመሬት በታች ቀበሩት። በላዩ መኪና ቆመበት።

በ1954 ምንጣፍ ፋብሪካው ጓዙን ጠቅልሎ ጉልበት ርካሽ ወደሆነበት ወደ ሚሲሲፒ ሄደ። ከተማይቱ ደነገጠች። ኦቲስም እንዳይከተል ብላ በ1970ዎቹ «የከተማ እድሳት» በሚባለው ፕሮግራም ከጎኑ ያለውን መሬት በሕዝብ ገንዘብ ገዝታ፣ አጽድታ አስረከበችው። በ1976 ኩባንያው በሌላ ትልቅ ኩባንያ ተገዛ፤ በ1983 የዮንከርሱ ፋብሪካ ተዘጋ። ከተማይቱ ብትከስም ፍርድ ቤቱ ኩባንያው እዚያ የመቆየት ግዴታ የለበትም ብሎ አሰናበተው። እንግዲህ ካፒታል አገር የለውም የምንለው ነገር እዚህ ላይ በመዝገብ ሰፍሮ ይገኛል።

ሌላው መዝገብ ግን ይበልጥ ከባድ ነው። ዳኛ ሊዮናርድ ሳንድ በ1985 ከ6 መቶ ገጽ በላይ በሆነ ውሳኔ ከተማይቱ ሆን ብላ ጥቁሮችን በመኖሪያ ቤትና በትምህርት ቤት እንደለየች ፈረደ። በመንግሥት ድጎማ የተሠራው መኖሪያ ቤት ሁሉም ማለት ይቻላል በደቡብ ምዕራብ፣ በወንዙ በኩል ተከማችቶ ነበር። አሁን 2 መቶ ቤቶች በነጮቹ ሰፈር፣ በምሥራቅ በኩል ይሠሩ ተባለ። የምክር ቤቱ አባላት እምቢ አሉ! በ1988 ቅጣቱ ከ100 ዶላር ጀምሮ በየቀኑ እጥፍ እየሆነ ሄደ። ሒሳብ የምትወዱ አስሉት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሆናል፤ ደግነቱ ጣሪያ ተበጅቶለት ነበር። ከተማይቱ ሠራተኞቿን ልትበትን ስትቃረብ ምክር ቤቱ ተንበረከከ። ያ ሁሉ ጩኸት የተጮኸው ለ2 መቶ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት በ1992 ሲሆን ክሱ ተዘግቶ ያበቃው በ2007 ነው።

ወንዝ ዳሩን ማደስ የተጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከኦቲስ ሕንፃዎች አንዱ በ2002 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። በሌላው የፋብሪካ ግቢ ካዋሳኪ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የኒውዮርክን የምድር ውስጥ ባቡር ፉርጎዎች ይገጣጥማል፤ በምንጣፍ ፋብሪካው ውስጥም ሠዓሊዎች ስቱዲዮ ተከራዩ። በሐድሰን ዳር ደግሞ ማንሃተን ለሚሠራው ደመወዝተኛ የታሰቡ አፓርታማዎች ተደረደሩ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን መኪና ማቆሚያው ተነሥቶ፣ ሶ ሚል ከ90 ዓመት ገደማ ጨለማ በኋላ በ2011 ፀሐይ ማየቱ ነው።

እኔ ይህን ሥራ አላጣጥልም። ድንጋይና ሣር ተስተካክሎለት፣ ዓሣ መውጫ ተበጅቶለት፣ ከአትላንቲክ የሚመጣው ኢል የተባለው እባብ መሳይ ዓሣ እንኳ ተመልሶበታል። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ በሉ። ወንዙን ለመግለጥ መሐንዲስና ገንዘብ በቂ ነበር፤ ቤቶቹን ለመሥራት ግን የፌዴራል ዳኛና ከተማን የሚያከስር ቅጣት አስፈለገ። በደቡብ ምዕራቡ ሰፈር ወንዙ ተደፍኖ ሳለ የኖሩት ቤተሰቦች አሁን መናፈሻው ቅርባቸው ነው፤ የአዲሶቹ አፓርታማዎች ኪራይ ግን አይቀመስም።