የማይታየው ውሃ ባለ ዐደራ

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን አንድ ቀን ውሃ ቅዱ ተብለን ብንታዘዝ፥ የላምባ ቆርቆሮ በሚገባ ሳናጥብ ምንጩ ውስጥ ነከርነው። ውሃው ለዓይን የጠራ ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያ ቀን የቀዳ ሁሉ ላምባ ላምባ ሸተተው። መምህራችን አልገረፉንም፤ ይልቁንም በየደጁ እየዞርን «ከዚህ ምንጭ አትጠጡ፤ ያበላሸነው እኛ ነን» ብለን እንድንናገር ላኩን። ከጅራፍ ይልቅ ይህ ከበደን።

ይህን ያስታወሰኝ የንፋስ መውጫ መንገድ ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚሻገር መኪና በጋይንት ደጋ ያልፋል፤ ነዳጅም በቦቴ፥ በበርሜልና በጀሪካን አብሮት ይጓዛል። በዚያ ደጋ ምንጭና ጉድጓድ የሚጠጣ ሰው ብዙ ነው። መሬት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ፀሐይ ያደረቀው ይመስላል እንጂ፥ በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ይወርዳል፤ ከውሃ ስለሚቀል በላዩ ይንሳፈፋል፥ ከፊሉም ሟሙቶ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ሰው የሚያውቀው እንስራው ከሸተተ በኋላ ነው።

እናንት ወጣቶች፥ እንዲህ ያለ ጉዳት እጅግ ገንኖ የታየበትን የአሜሪካን የሃዋይ ደሴት ታሪክ ስሙ፤ ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሬድ ሂል በሚባል ኮረብታ ውስጥ 20 ታላላቅ የነዳጅ ማጠራቀሚያዎች ሠራ። ከእነርሱ በታች 30 ሜትር ያህል ወርዶ ሕዝብ የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ አለ። ድንጋዩም እንደ ጉና ተራራችን ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። በ2006 ከአንዱ ማጠራቀሚያ ከ100,000 ሊትር በላይ ነዳጅ አመለጠ። የሆኖሉሉ ከተማ የውሃ ቦርድ ከዚያ ወዲህ ለዓመታት አስጠነቀቀ፤ ማጠራቀሚያዎቹ ግን እንደ ነበሩ ቆዩ።

ኅዳር 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ከቧንቧ የፈሰሰ የአውሮፕላን ነዳጅ ወደ ባሕር ኃይሉ የውሃ ጉድጓድ ገባ። 93,000 ያህል ሰዎች ከዚያ ውሃ ይጠቀሙ ነበር። ቤተ ሰቦች ውሃው ነዳጅ ይሸታል፥ ሕመምም አገኘን ብለው አመለከቱ። ኅዳር 20 ቀን የጦር ሰፈሩ አዛዥ፥ ውሃው ጉዳት እንዳለው የሚያሳይ ምልክት ለጊዜው የለም፥ እኔም እጠጣዋለሁ ብለው ጻፉላቸው። ብዙ ሳይቆይ በምርመራ ነዳጅ ተገኘ፤ አዛዡም በኋላ ይቅርታ ጠየቁ። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ ሰቦች ግን ቤታቸውን ትተው በሆቴል ሰነበቱ።

በዚያው ሰሞን የከተማው የውሃ ቦርድ ነዳጁ ወደ ራሱ ጉድጓድ እስኪደርስ አልጠበቀም። ሃላዋ የሚባለውን፥ ለከተማው አንድ አምስተኛ ያህል ውሃ የሚሰጠውን ጉድጓድ ዘጋ፤ ሕዝቡንም ውሃ ቆጥቡ ብሎ ለመነ። አዛዡ ሆን ብለው ዋሹ አልልም። ነገር ግን ሳይረጋገጥ ጠጡ የሚል ሹምና ሳይረጋገጥ የሚዘጋ ሹም፥ ሁለቱም ቢሳሳቱ የስሕተታቸው ዋጋ እኩል አይደለም፤ የአንዱ ጥማት ነው፥ የሌላው መርዝ። የካቲት 28 ቀን 2014 ማጠራቀሚያዎቹ ባዶ ሆነው እንዲዘጉ የመከላከያ ሚኒስትሩ አዘዙ፤ ነዳጁን መቅዳት የተጀመረው ግን በጥቅምት 2016 ነው።

በአገራችን በ1995 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፥ ጉዳቱ በራሱ ላይ ያልደረሰ ሰው እንኳ በበካዩ ላይ ለመሥሪያ ቤቱ አቤት እንዲል፥ በ30 ቀን ውሳኔ ካጣም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ደነገገ። ሽታውን ቀድማ የምታገኘው ግን እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ የወረደች ልጅ ናት፤ ቃሏን ተቀብሎ በዚያው ቀን ምንጩን የሚያዘጋ ሹም በወረዳው መኖር አለበት።