ጥቢና የጡት ልጅነት፦ በአርዲቦ ዙሪያ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዝምድናዎች

በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ መንደሮች፣ እንደ ሌላው የወሎ አገር ሁሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጫጫራል፤ እርሾና ጨው ይዋዋሳል። አራስ ስትታመም ወይም ወተቷ ሲነጥፍ ሕፃኗን የምታጠባላት ሌላ አጥቢ ከአጠገቧ አትጠፋም። ይህ ሁሉ የሚደረገው ያለ ውል፣ ያለ ጽሑፍና ያለ ዋጋ ነው። እሳቱም እርሾውም በማግስቱ ይረሳል። ወተቱ ግን ሰው ቢረሳውም በሸሪዓ ዘንድ ሕያው ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ በኒካሕ ቀን ሊጠየቅ የሚችል ዝምድና ትቶ ያልፋል።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ችግር ይፈጥራል። «ጡት» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ዝምድናዎችን ይሸከማል። አንደኛው ፉቀሃእ «ረዷዕ» የሚሉት የጥቢ ዝምድና ሲሆን፣ ሕፃን ከወላጅ እናቱ ሌላ ከሆነች ሴት ጠብቶ የሚያገኘው ነው። ሁለተኛው «የጡት አባት»፣ «የጡት ልጅ» እየተባለ የሚጠራውና አዋቂ ሰው በቃል ኪዳን ከትልቅ ሰው ጋር የሚመሠርተው ነው። በመጀመሪያው ወተት አለ፤ በሁለተኛው የለም። የስማቸው መቀራረብ ግን በሁለት አቅጣጫ ያሳስታል፦ ወተት የሌለበትን ዝምድና ጋብቻ የሚከለክል አድርጎ ማየት፣ ወተት ያለበትን ደግሞ የጉርብትና ውለታ ብቻ አድርጎ መተው። ከሁለቱ የኋለኛው እንደሚከፋ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያምናል።

የጥቢ ታሪክ በሐበሻ ምድር ከሙስሊሞች ስደት ጋር አብሮ ይጀምራል። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ከመካ ተሰደው በነጃሺ ጥላ ሥር በኖሩባቸው ዓመታት ዐብደላህ፣ ዐውንና ሙሐመድ የተባሉ ሦስት ወንዶች ልጆች ወለዱ። የቁረይሽን ነሰብ የመዘገቡ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ አስማእ ዐብደላህን ከወለዱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ለነጃሺም ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ንጉሡ ወደ ጀዕፈር ልከው ልጁን ማን ብለው እንደ ሰየሙት አስጠየቁ፤ ዐብደላህ መባሉን ሲሰሙም የራሳቸውን ልጅ ዐብደላህ አሉት። ከዚያም አስማእ የንጉሡን ልጅ ተቀብለው፣ ከራሳቸው ልጅ ጋር ጡት እስኪጥል ድረስ አጠቡት። በዚህም በሐበሾቹ ዘንድ ከበሬታ አገኙ፤ በኋላም ከሐበሻ የሰለሙ ሰዎች ወደ እርሳቸው እየመጡ ወሬያቸውን ያካፍሏቸው ነበር።

ይህ ዘገባ የነሰብና የታሪክ ዘገባ ነውና ሕግ አይወጣበትም። ለታሪክ አስተማሪ ግን ዋጋው ትልቅ ነው። ስለ መጀመሪያው ስደት በመድረሳችን ስናስተምር ሁልጊዜ ሰጪው ንጉሡ፣ ተቀባዮቹ ስደተኞቹ ሆነው ይቀርባሉ። በዚህ ዘገባ ግን ሰጪዋ ስደተኛዋ ናት። አገሯን፣ ዘመዶቿንና ንብረቷን ትታ የመጣች ሴት ያላትን አንድ ነገር ለአስተናጋጇ ቤት ሰጠች፤ የጀዕፈር ልጅና የንጉሡ ልጅም የጥቢ ወንድማማቾች ሆኑ። ስለ ነጃሺ ፍትሕ የምንናገረውን ያህል ስለዚህ አለመናገራችን ጉድለት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን (በረካ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ያሳደጉ ሞግዚት ናቸው፤ ነቢዩም እንደ እናት ያከብሯቸው ነበር። ነቢዩን በማጥባት የሚታወቁት ግን ሱወይባና የበኑ ሰዕዷ ሐሊማ ናቸው። ማሳደግ ክብርን ያስገኛል፤ መሕረምነትን የሚያስገኘው ጥቢ ነው። በመንደራችን «እሷ ናት ያሳደገችኝ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ሊሸፍን ስለሚችል፣ ጠያቂው ኢማም የትኛው እንደ ሆነ አጣርቶ መስማት አለበት።

ሕጉ በአጭሩ ይህ ነው። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 23 ያጠቡ እናቶችንና የጥቢ እኅቶችን ጋብቻቸው ከተከለከሉ ሴቶች ጋር ቆጥሯል። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 ደግሞ የማጥባት ምሉእ ዘመን ሁለት ዓመት መሆኑን፣ የአጥቢዋ ቀለብና ልብስ በአባት ላይ መሆኑን፣ ልጁን ለሌላ አጥቢ መስጠትም እንደሚቻል ደንግጓል። ነቢዩም በትውልድ እርም የሚሆነው ሁሉ በጥቢም እርም እንደሚሆን አስተምረዋል። ውርስና የቀለብ ግዴታ ግን በጥቢ አይመጡም።

በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የጥቢ አባት ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በሕፃንነታቸው የአቡል ቁዐይስ ሚስት አጥብታቸው ነበር። የሒጃብ አንቀጽ ከወረደ በኋላ የአቡል ቁዐይስ ወንድም አፍለሕ ወደ ቤታቸው ለመግባት ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ያጠባችኝ ሴቲቱ እንጂ ወንዱ አይደለም በሚል ሐሳብ ከለከሉት። ነቢዩ ግን አፍለሕ አጎታቸው መሆኑን ነገሯቸው፤ እንዲያስገቡትም አዘዙ። ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ለወሎ ገጠር ቀላል አይደለም። ሁለት ሚስት ያለው ገበሬ አንዷን ከሐይቁ ዳር፣ ሌላዋን ቆላ ባለ ማሳው አስቀምጧል እንበል። የሐይቁ ዳር ሚስት የጎረቤቷን ልጅ ብታጠባ፣ ያ ልጅ ከእርሷ ልጆች ጋር ብቻ ሳይሆን አይቷት ከማያውቃት ከቆላዋ ሚስት ልጆችም ጋር ወንድማማች ይሆናል። የቆላዋ ሚስት ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ «እኛ መቼ ተገናኘን?» ማለቷ አይቀርም። መገናኛቸው አባትየው ነው። በአማራው አገር ዘርን እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የቆየ ልማድ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ቤት ብቻ ቆጥሮ የሚገኘው ጥቢ መዘንጋቱ ያስገርማል።

በመጠኑ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። በሻፊዒ ዘንድ እርም የሚያደርገው አምስት የተለያየ ጊዜ መጥባት ነው፤ በሐነፊና በማሊኪ ዘንድ ጥቂቱም ብዙውም እኩል ነው። በዕድሜም በኩል ብዙኃኑ ሁለት ዓመትን ሲይዙ፣ አቡ ሐኒፋ እስከ 30 ወር አድርሰውታል። ወሎ ሻፊዒና ሐነፊ ጎን ለጎን የኖሩበት አገር ነው። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ነበረው የወሎ እስልምና በሚያጠናው መጽሐፋቸው እንደሚታየው፣ ጀማ ንጉሥንና ገታን የመሳሰሉ ማእከሎች ዕውቀትን ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ያዳረሱ ነበሩ። ደረሳው ለፊቅህ ከአንዱ ሸይኽ ወደ ሌላው ይዞር ስለ ነበር በአንድ ቀበሌ ሁለት ዓይነት ፈትዋ መሰማቱ እንግዳ ነገር አይደለም። አንዲት እናት «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገበያ ስትሄድ፣ እንዳያለቅስ ብዬ ነው» ስትል ለአንዱ ሸይኽ ነገሩ ያለቀለት እርም ነው፤ ለሌላው ምንም አይደለም። ስለዚህ መጥባቱን ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደ ነበረ መጠየቅና ቃሏን እንዳለ መያዝ ያስፈልጋል።

የጡት ልጅነት ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ጠባቂ የሚፈልግ ሰው ኃይል ወይም ሀብት ካለው ሰው ዘንድ ቀርቦ፣ እንደ ሕፃን ጣቱን ጠብቶ፣ በአንዳንድ ቦታም ማር የተቀባ ጡቱን ስሞ፣ ልጅነቱን ያውጃል። እ.ኤ.አ. ከ1843 እስከ 1846 በአገራችን የኖረው እንግሊዛዊው ተጓዥ ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ገልጿል፤ ጣቱ የተጠባለት ሰው አዲሱን ልጁን በሚችለው ሁሉ የመርዳት ግዴታ ይገባ ነበር። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ዳኛ ከመንገድ የሚጠፋበት፣ ባላገር በአንድ ዓመት ሁለት ጦር የሚቀለብበት ጊዜ ስለ ነበር፣ ወገን የሌለው ሰው ወገን የሚያበጅበት መንገድ ፈለገ። የሥርዓቱ ፈጣሪዎች ከእናትና ከልጅ የበለጠ የማይካድ ዝምድና ስላላገኙ የእርሱን መልክ ተዋሱ። ይህን መናቅ ታሪክን አለማወቅ ነው።

በፊቅህ በኩል ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ሱረቱል አሕዛብ ልጅ ያልሆነን በቃል ልጅ ማድረግን ሽሯል፤ ዘይድ ኢብን ሓሪሳም ወደ ወላጅ አባቱ ስም የተመለሰው በዚሁ ነው። አንዳንድ ተማሪ የሳሊምን ታሪክ ያነሣ ይሆናል። ሳሊም የአቡ ሑዘይፋ ማደጎ ነበር፤ አቡ ሑዘይፋና ባለቤቱ ሰህላ ቢንት ሱሀይል ራሳቸው ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ወገን ናቸው። ማደጎነት ሲሻር ሰህላ በተቸገረች ጊዜ ነቢዩ ሳሊምን እንድታጠባው ፈቀዱላት። ዓኢሻ ከዚህ ሰፊ ትርጉም ቢወስዱም፣ ኡሙ ሰለማና ሌሎቹ የነቢዩ ባለቤቶች ፈቃዱ ለሳሊም ብቻ እንደ ሆነ ያዙ፤ አራቱ መዝሀቦችም በዚሁ ጸኑ። በአገራችን ሥርዓት ደግሞ ወተት ጭራሽ የለም። እንግዲህ የጡት ልጅ የጡት አባቱን ልጅ ማግባት ይችላል፤ ከሴቶቹ ጋርም እንደ መሕረም ሊቀመጥ አይችልም፤ አይወርስም። የጡት አባቱ ሊጠቅመው ከፈለገ በሕይወቱ ሳለ ይስጠው፣ ወይም ከሀብቱ ሲሶ ሳያልፍ ይናዘዝለት። የመረዳዳቱ ቃል ኪዳን በራሱ ክፉ አይደለም፤ የሚከለከለው በእርሱ ላይ የሸሪዓን ፍርድ መጫን ነው።

ወደ ወተቱ እንመለስ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲታወጅ፣ ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ሸይኽ ጦልሓ ኢብን ጀዕፈርን የመሳሰሉት ደግሞ እምቢ ብለው ተነሡ። ከዚያ ዘመን ወዲህ በአንድ የዘር ሐረግ ላይ የሁለት ሃይማኖት ስሞች ተሰባጥረው መገኘታቸው በወሎ የታወቀ ነው። በሐይቅ አካባቢም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስፋፉት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ ዙሪያውን ያለው ባላገር አብዛኛው ሙስሊም ነው። እዚህ አገር ሕፃን ሲያለቅስ የምታነሣው አጥቢ ሃይማኖቷ አይጠየቅም።

ታዲያ የክርስቲያን ጎረቤት ወተት ዝምድና ያስገኛልን? አዎን፤ ፉቀሃእ በአጥቢዋ ላይ የእስልምናን ቅድመ ሁኔታ አላደረጉም። ሐሊማ ነቢዩን ባጠቡ ጊዜ ጥሪው ገና አልተጀመረም ነበር። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ከሑነይን ዘመቻ በኋላ ከሀዋዚን 6,000 ያህል ሰው ሲማረክ፣ የጎሣው መልእክተኞች ከምርኮኞቹ መካከል የነቢዩ የጥቢ አክስቶች እንዳሉ አስታውሰው ለመኗቸው፤ ምርኮኞቹም ተለቀቁ። የጥቢ እኅታቸው ሸይማእ ስትመጣም ኩታቸውን አንጥፈው እንዳስቀመጧት የሲራ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ለሙስሊም ወንድ የመጽሐፉን ባለቤት ማግባት የተፈቀደ ስለ ሆነ፣ ይህ ፍርድ በአርዲቦ ዙሪያ የመጽሐፍ ላይ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ያጠባችው ክርስቲያን እናት ልጅ ለእርሱ እኅቱ ናት።

የጥቢን ትውስታ ከሁሉ ይልቅ የበተነው ረኃብ ነው። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው እልቂት እናት የሞተባቸውን ሕፃናት በየመጠለያው ያገኘች አጥቢ አጥብታለች ብሎ ማሰብ ይቻላል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ቤተሰብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል ሰፈራ ተወሰደ። አጥቢዋ አንድ ቦታ፣ የጠባው ሌላ ቦታ ቀረ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው በከተማ፣ በዩኒቨርሲቲና በዐረብ አገር ሥራ ላይ ይገናኛሉ።

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚቀረው ማስረጃ የአሮጊቶች ቃል ነው። ዑቅባ ኢብኑል ሓሪስ መካ ላይ ሚስት ካገቡ በኋላ አንዲት ጥቁር ሴት መጥታ ሁለቱንም እንዳጠባቻቸው ተናገረች። ዑቅባ አላመኗትም፤ ነገር ግን ነገሩን አልናቁትም፤ ነቢዩን ለመጠየቅ እስከ መዲና ተጓዙ። ነቢዩም ይህ ከተባለ በኋላ አብሮ መኖር እንዴት ይሆናል በሚል መንፈስ መለሱላቸው። ዑቅባ ተለዩ፤ ሴቲቱም ሌላ ባል አገባች። ከዚህ ሐዲስ ተነሥተው ሐንበሊዎች የአንዲት ታማኝ ሴት ቃል ይበቃል አሉ፤ ሻፊዒዎች አራት ሴቶችን፣ ሐነፊዎች ሁለት ወንዶችን ወይም አንድ ወንድና ሁለት ሴቶችን ይጠይቃሉ፤ ምስክር ባይሟላም ለጥንቃቄ መለየቱ የተወደደ ነው የሚሉም አሉ። በእኛ አገር ኒካሕ የሚታሰረው ወንዶች በተቀመጡበት ነው፤ ያጠባችው፣ ያዋለደችው፣ አራስ ቤት የገባችው ሴት ሌላ ክፍል ወጥ ትሠራለች። ወሊይና ምስክር ከመጠራታቸው በፊት ኢማሙ ወደዚያ ክፍል ሰው ቢልክ ጥያቄው ሁለት ብቻ ነው፦ ሁለቱን ያጠባ ሌላ ጡት ነበርን? ከነበረስ ስንት ጊዜ?

ነገሩ ከተጋቡ በኋላ የተገለጠ እንደ ሆነ ጥንዶቹ ይለያያሉ፤ ሴቲቱም ግንኙነት ከነበረ መህር ይገባታል። ሳያውቁ የወለዷቸው ልጆች ግን ነሰባቸው ከአባታቸው የጸና ነው፤ ይወርሱታል፣ በስሙም ይጠራሉ፤ ማንም በዝሙት ልጅነት ሊያነሣቸው አይችልም።