ዕድል ብቻውን ምን ያህል ይሠራል? ኮምፒዩተር በዝግመተ ለውጥ ጥናት ውስጥ ያለው ታሪክ

መግቢያ

እንደሚታወቀው የሕይወት ታሪክ በቤተ ሙከራ ውስጥ ሊደገም አይችልም። የኬሚስትሪ መምህር አንዱን ሙከራ ሦስት ጊዜ ሠርቶ ውጤቱን ለማመሳከር ይችላል፤ ታላላቆቹ ዳይኖሰሮች ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጠፉበትን ዘመን መልሶ ለማስኬድ የሚችል ግን የለም። በእጃችን ያለው መዝገብ በዐለት ውስጥ የቀረው ቅሪተ አካል ነው፤ እርሱም አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈና ብዙ ገጾቹ የጎደሉ ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ ጥያቄ ተመራማሪዎችን ሲያሳስብ ኖሯል። ይኸውም አንድ የእንስሳት ቡድን ሲበዛ ወይም ሲጠፋ ስናይ፣ ልዩ ምክንያት ልንፈልግለት የሚገባን መቼ ነው? ዕድል ብቻውን ይህንኑ ሊያደርግ ይችል እንደ ነበረስ በምን እናውቃለን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ኮምፒዩተር ለዚህ ጥያቄ የሰጠውን አገልግሎት ከታሪኩ ጋር ማቅረብና ለመማሪያ ክፍል የሚተርፈውን ትምህርት ማመልከት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሥራው አጀማመር

በ1953 ኒልስ ኦል ባሪቼሊ የተባለ የኖርዌይና የኢጣልያ ተወላጅ የሆነ የሒሳብ ሊቅ፣ በአሜሪካ በፕሪንስተን የከፍተኛ ጥናት ተቋም በነበረው ኮምፒዩተር ላይ አዲስ ዓይነት ሙከራ ጀመረ። የመሣሪያው ማስታወሻ 40 ቢት ያላቸውን 1024 ቃላት ብቻ የሚይዝ ነበር። ባሪቼሊ በዚህ ጠባብ ስፍራ ውስጥ ቁጥሮችን በተርታ አስቀመጠ፤ ቁጥሮቹ ራሳቸውን ወደ ሌላ ቦታ የሚገለብጡበትን፣ ሁለቱ በአንድ ቦታ ሲጋጩም የሚለወጡበትን ደንብ አወጣላቸው። ከዚህ በኋላ በብዙ ትውልድ ውስጥ የሚሆነውን ተመለከተ። ቁጥሮቹ ሕይወት የላቸውም፤ ነገር ግን መባዛት፣ መለወጥና መሻማት ሲገናኙ የሚከተለውን ነገር ሕይወት በሌለው ነገር ላይ መመርመር እንደሚቻል ታየ። በኮምፒዩተር አስመስሎ የመሥራት ዘዴ፣ ማለትም ሲሙሌሽን፣ በዝግመተ ለውጥ ጥናት ውስጥ የገባው በዚህ ዓይነት ነው።

የ1973 ጥናትና ያስነሣው ክርክር

የዕድልን ጥያቄ በቀጥታ ያነሡት ግን ዴቪድ ራውፕ፣ ስቲቨን ጄይ ጉልድ፣ ቶማስ ሾፕፍና ዳንኤል ሲምበርሎፍ ናቸው። አራቱ ሊቃውንት በአሜሪካ ዉድስ ሆል በሚገኘው የባሕር ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ተገናኝተው የነደፉትን ሥራ በ1973 አሳተሙ። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የዘር ሐረግ በየጊዜው ከሦስት ነገሮች አንዱ ይደርስበታል፤ ለሁለት ይከፈላል፣ ይጠፋል ወይም ባለበት ይቀጥላል። የትኛው እንደሚደርስበት የሚወስነው ዕጣ ነው። አንዱን ሐረግ ከሌላው የሚያበልጥ ብርታትም ሆነ ድካም በፕሮግራሙ ውስጥ አልተጻፈም።

ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ። ዕጣ ያወጣቸው ቡድኖች አንዳንዶቹ ፈጥነው ይበዛሉ፤ አንዳንዶቹ ቀስ በቀስ ይመነምናሉ፤ ሌሎቹ ገና ሳይስፋፉ ይጠፋሉ። ሥዕላቸው ከተሳቢ እንስሳት የቅሪተ አካል መዝገብ ጋር ሲነጻጸር በብዙ ነገር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ አንድ ቡድን ስለ ጠፋ ብቻ ደካማ ነበር፣ ስለ በዛ ብቻ የበለጠ ነበር ማለት በቂ ማስረጃ እንዳልሆነ ታወቀ። በሌላ በኩል፣ የማይዛመዱ ብዙ ቡድኖች በአንድ ዘመን አብረው መጥፋታቸው እያንዳንዱ ሐረግ ለብቻው ዕጣ በሚወጣለት አሠራር በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ጥፋት የጋራ ምክንያት እንዲፈለግለት ያስገድዳል።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1981 ስቲቨን ስታንሊና የሥራ ባልደረቦቹ በዚሁ በሲሙሌሽን ዘዴ ተጠቅመው የ1973ቱን ድምዳሜ ተቃወሙ። ክርክራቸው በመጠን ላይ የተመሠረተ ነበር። ዕጣ ጥቂት ሐረጎች ያሉትን ቡድን በብርቱ ያናውጣል፤ ብዙ ዝርያዎች ያሉት ቡድን ሲሆን ግን የአንዱ መጥፋት በሌላው መከፈል ስለሚካካስ ድምሩ ብዙ አይነቃነቅም። በተፈጥሮ ያሉት ትልልቅ ቡድኖች ግን ከዚህ ይልቅ እጅግ ሲለዋወጡ ይታያሉ። ስለዚህ ዕድል ብቻውን ለእነርሱ በቂ ማብራሪያ አይሆንም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የመጀመሪያው ጥናት ስሕተት ሊታይ የቻለው ግምቶቹ በፕሮግራሙ ውስጥ በግልጽ ተጽፈው ስለ ነበር ነው። በደፈናው የተነገረ አስተሳሰብ ለእንዲህ ዓይነት እርማት አይመችም።

ከዚያ ወዲህ

ኮምፒዩተር አቅሙ ሲያድግ የሚጠየቀውም ጥያቄ አደገ። በ2003 ሪቻርድ ሌንስኪ፣ ቻርልስ ኦፍሪያ፣ ሮበርት ፔኖክና ክሪስቶፍ አዳሚ አቪዳ በተባለው ሥርዓት የሠሩትን ጥናት አወጡ። በአቪዳ ውስጥ ራሳቸውን የሚገለብጡ አጫጭር ፕሮግራሞች ይኖራሉ፤ ሲገለበጡ ስሕተት ይገባባቸዋል፤ የሒሳብ ተግባር የቻለው ፕሮግራም ፈጥኖ ይባዛል። ተመራማሪዎቹ አንድ አስቸጋሪ ተግባር መርጠው በ50 ማኅበሮች ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ተመለከቱ። በ23ቱ ተገኘ። ለቀላሎቹ ተግባሮች የሚሰጠው ብልጫ ሲቀርና ለአስቸጋሪው ብቻ ሲሰጥ ግን ከ50ው በአንዱም አልተገኘም። ውስብስብ ነገር ደረጃ በደረጃ እንጂ በአንድ ዝላይ እንደማይመጣ ይህ ውጤት በቁጥር ያሳያል።

በ2018 ደግሞ ቲያጎ ራንጀልና ባልደረቦቹ የደቡብ አሜሪካን ያለፉ 800,000 ዓመታት የአየር ጠባይ በኮምፒዩተር አስኬዱ፤ በዚያ ላይ ምናባዊ ዝርያዎች እንዲስፋፉ፣ እንዲላመዱ፣ እንዲከፈሉና እንዲጠፉ አደረጉ። የተገኘው የብዝኃ ሕይወት ካርታ ዛሬ በአህጉሩ ላይ ከሚታየው የአእዋፍ፣ የአጥቢዎችና የዕፀዋት ስርጭት ጋር ተቀራረበ፤ የአንዲስ ተራሮችም ዝርያዎች የሚወለዱበት ዋና ስፍራ ሆነው ታዩ።

ለመማሪያ ክፍል

ይህን ሁሉ ለማስተማር የግድ ኮምፒዩተር ያሻል ማለት አይደለም። ከ1 እስከ 6 ቁጥር የተጻፈባቸው ስድስት እኩል የወረቀት ቁራጮችና ጥቂት ጣሳዎች ይበቃሉ። 40 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ የዘር ሐረግ ይዘው ይጀምሩ። በየዙሩ ለእያንዳንዱ ሐረግ አንድ ዕጣ ይውጣ፤ ወረቀቱም ወደ ጣሳው ይመለስ። 1 ሲወጣ ሐረጉ ለሁለት ይከፈላል፤ 6 ሲወጣ ይጠፋል፤ በሌሎቹ ቁጥሮች እንዳለ ይቀጥላል። ከ10 ዙር በኋላ በሒሳብ ሲገመት ሐረግ የሚተርፍላቸው ተማሪዎች 14 ያህል ናቸው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ አራት አምስት ሐረግ ይኖራቸዋል። የጠፋባቸው ተማሪዎች በምንም ነገር አላነሱም፤ የ1973ቱ ትምህርት ይህ ነው።

ቀጥሎ የክፍሉ ሐረጎች በሙሉ ይደመሩ። ድምሩ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ከ28 እስከ 52 ባለው መካከል ይውላል። እያንዳንዱ ቡድን ሲጠፋና ሲበዛ ድምሩ ግን ከ40 ብዙ አልራቀም፤ የ1981ዱ እርማት ይህ ነው። ተማሪው ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ሲያይ የሃምሳ ደቂቃ ሥራ የስምንት ዓመት ክርክርን ያስጨብጠዋል።

መደምደሚያ

ሲሙሌሽን የተፈጥሮ ምስክር አይደለም፤ ምስክሩ ምንጊዜም ቅሪተ አካሉና ሕይወት ያለው ፍጡር ነው። የሲሙሌሽን ድርሻ ከአንድ ግምት ምን እንደሚከተል ሳያዳላ ማሳየት ነው። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች መሣሪያ ከመግዛት አስቀድመው፣ መምህራንም «ለምን ጠፋ?» ብለው ከመጠየቅ አስቀድመው «ዕድል ብቻውን ቢሆን ምን እናይ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ቦታ ቢሰጡት፣ ተማሪው መልስን ከማጥናት አልፎ መልስን መመዘን ይለምዳል።