አፈሩ የት ሄደ?

የፈተና ሰሞን ሲደርስ ሁላችንም አንድ እንሆናለን። ደብተራችንን ታቅፈን ዛፍ ሥር እንቀመጥና «ሥርዓተ ምህዳር ማለት ሕይወት ያላቸውና ሕይወት የሌላቸው ነገሮች ተሳስረው የሚኖሩበት ሥርዓት ነው» እያልን እንደ ዳዊት እንደግማለን። አምራች፣ ተመጋቢ፣ አብስባሽ፤ የውሃ ዑደት፣ የንጥረ ነገር ዑደት፣ የመሸከም አቅም። ፈተናው ባለቀ ማግሥት ቃሉም ከራሳችን ይወጣል። ታዲያ ከመካከላችን የደምበጫ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ልጆች አለን። አባቶቻችን የሚያርሱት ቀይ አፈር በየክረምቱ በጎርፍ ሲወርድ እያየን አድገን፣ መጽሐፍ ላይ ስናገኘው የሌላ አገር ነገር የሚመስለን ለምንድን ነው?

በዚህ ጽሑፍ የፈተናውን ቃላት በአንድ ቦታ ታሪክ ላይ ልንሞክራቸው አስበናል። ቦታው ደምበጫ ዙሪያ ያለው አንጀኒ ነው።

አስቀድመን ግን ከአንድ ስሕተት እንጥራ። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያልሸመደደ ተማሪ የለም። ፈተና ላይ ቢመጣ ሳናስብ እናከብበዋለን። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ግን በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ይኸ ቁጥር ከአንዱ ሪፖርት ወደ ሌላው ሲቀዳ የኖረ እንጂ መሠረቱ የጸና ማስረጃ እንዳልሆነ አሳይቷል። የደጋው ምድር በበሬና በማረሻ መታረስ ከጀመረ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ብዙው ቦታ ከመቶ ዓመት በፊትም እርሻና ግጦሽ ነበር። ይህን ስንል ደን አልተጨፈጨፈም ማለታችን አይደለም። በጎጃም የአብያተ ክርስቲያናቱን ቅጥር ማየት ይበቃል፤ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው ተጠብቆ የቀረው እዚያ ነው። ግን ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ምዕተ ዓመትና በአንድ ትውልድ ገበሬ ላይ መጫን ታሪክም አይደለም፣ ፍርድም አይደለም።

ወደ አፈሩ እንመለስ። ጤፍ ከሌላው እህል ይበልጥ ደጋግሞ መታረስ ይሻል። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ መሬቱ ደቅቆና ለስልሶ ራቁቱን ይጠብቀዋል። ሽፋን የሌለው አፈር የመጀመሪያውን ኃይለኛ ዝናብ አይችልም። በዚህ ላይ እንጨት ሲጠፋ ኩበቱ ምድጃ ይገባል። መጽሐፉ «የንጥረ ነገር ዑደት» የሚለው ይኸው ነው፦ ከብቱ ሣሩን ይበላል፣ እበቱ አፈሩን ያደልባል፣ አፈሩ መልሶ ሣሩን ያበቅላል። ኩበቱ ሲነድ ዑደቱ እዚያው ምድጃ ላይ ተበጠሰ ማለት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ደረሰልን። ደግ ነው። ግን ከሥሩ ብዙ ነገር ስለማያበቅል ገደላገደሉን እንደ ሣርና እንደ ቁጥቋጦ ሊሸፍንልን አልቻለም።

በ1973 ዓ.ም. የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጀመሩ። ከጀማሪዎቹ አንዱ ሀንስ ሁርኒ ነበር። በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በሌሎችም ክፍላተ ሀገር ጣቢያዎች ተቋቋሙ። የጎጃሙ ጣቢያ በ1976 ዓ.ም. አንጀኒ ላይ ሥራ ጀመረ። ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከ113 ሄክታር የማትበልጥ ትንሽ ተፋሰስ ናት። ውሃዋን ምንቸት የሚባለው ወንዝ ይሰበስበዋል። በዓመት ወደ 1700 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንብባታል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ቁልቁለቱ ላይ ትንንሽ መደቦች ይከለላሉ፤ ከግርጌያቸው የጎርፉ ማጠራቀሚያ ይቀበራል። ዝናቡ ይለካል፣ ጎርፉ ይለካል፣ ውሃው ይዞት የወረደው ደለል ይመዘናል። ወንዙም ላይ እንዲሁ። ትልቁ ነገር አንድ ክረምት መለካቱ ሳይሆን ዓመት ከዓመት ሳይታክቱ መለካቱ ነው። የአፈር ታሪክ የሚጻፈው እንዲህ ነው።

ከእነዚህ ጣቢያዎች ከተገኘው ልኬት ተነሥቶ፣ በኢትዮጵያ ደጋ የታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት ከሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚያጣ ሁርኒ ገምቷል። ቁጥሩን አንሸምድደው፤ እናስላው። አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ከአንድ ሄክታር ላይ ቢነሣ 10 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲመዘን ወደ 12 ቶን ይሆናል። 42 ቶን እንግዲህ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ለአንድ ዓመት ኢምንት ነው። በ30 ዓመት ግን ከ10 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ይህም ግማሽ ስንዝር ያህል፣ ማረሻ የሚደርስበት ንብርብር ማለት ነው። አባት ያረሰውን አፈር ልጅ አያርሰውም።

በ1978 ዓ.ም. አንጀኒ ላይ «ፋንያ ጁ» የተባለው እርከን ተሠራ። ስሙ ስዋሂሊ ነው፤ ወደ ላይ ወርውር እንደማለት ነው። ቦዩ ዳገቱን አግድም ይዞ ይቆፈራል፣ አፈሩ ወደ ላይ እየተወረወረ ይከመራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጎርፉ ራሱ ይጨርሰዋል፦ የሚወርደው ደለል ከክምሩ በላይ እየተኛ፣ ተዳፋቱ ከዓመት ዓመት ወደ ደረጃ መሳይ ሜዳ ይለወጣል። የአፈሩም መከላት ቀነሰ።

ታዲያ ገበሬው ለምን አልዘፈነም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አፈሩ ቢቀርም ምርቱ ቶሎ አልጨመረም። እርከኑ ራሱ መሬት ይበላል። ዝናብ በበዛበት አገር ከክምሩ ሥር ውሃ ተኝቶ እህሉን ያበሰብሳል። በሬ ሲጠምዱ መዞሪያው ይጠባል፤ አይጥም ይራባበታል። መጽሐፉ ይህን «የሕዝብ የግንዛቤ ማነስ» ይለዋል። እኛ ግን ሒሳብ እንለዋለን። ዘንድሮ ልጆቹን የሚመግብ ሰው ከ30 ዓመት በኋላ የሚገኘውን ጥቅም ብቻውን ይሸከም ማለት ግፍ ነው።

ደግሞስ የጎጃም ገበሬ መሬት በተለካ ቁጥር መጠርጠሩ ያለ ምክንያት ነው? በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ የተነሣው ልኬቱ ርስቱን የሚነጥቀው ስለመሰለው ነበር፤ መንግሥትም በመጨረሻ ውዝፉን ለመተው ተገደደ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል እንደገና ሽግሽግ ተደረገ። የይዞታ ደብተር መስጠት የተጀመረው ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ነው። ነገ የማን እንደሚሆን ባልታወቀ ማሳ ላይ ዛሬ እርከን የሚቆፍር ማን ነው? በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው በግዳጅ የተሠራ እርከን መፍረሱን፣ የተከለለ ደን መመንጠሩን ከዚህ ጋር አያይዘን ልናነበው ይገባል።

ዛሬ ከምዕራብ ጎጃም የሚወርደው ደለል መዳረሻው ከቀድሞው ተለውጧል። ዱሮ በዓባይ ይዞ ሱዳንና ግብጽ ይደርስ ነበር፤ እኛም «ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለን ተረትንበት። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። እንግዲህ ደለሉም ቤት አገኘ። የላይኛው ማሳ ሲከላ የታችኛው ሐይቅ ይሞላል፤ ሁለቱም የእኛው ናቸው።

ስለዚህ ፈተናው ላይ «የአፈር መሸርሸር መንሥኤው ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁን ዝናብ፣ ተዳፋት፣ የደን መመንጠር ብለን እንጻፍ፤ ነጥቡን እንዳናጣ። ግን ለእረፍት ወደ አገር ቤት ስንሄድ ሌላውን ጥያቄ ለአባቶቻችን እናቅርብ፦ «እርከኑ ምን ሰጣችሁ፣ ምንስ ወሰደባችሁ?» መልሱን ደብተራችን ላይ እናስፍረው። ያ ማስታወሻ ከፈተናው በኋላም ይፈለጋል።