ሳምቡሳ ከነገሥታት ማዕድ እስከ ጾመኛ ቤት

የታሪክ ጸሐፊዎች የነገሥታትን ጦርነትና የከተሞችን መፍረስ በብዙ ገጽ ይጽፋሉ፤ ነገሥታቱ የበሉትን ግን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ያበሰሉትን ሰዎችማ ከቶ አያነሡአቸውም። ይሁን እንጂ ከእነዚያ መንግሥታት ብዙዎቹ ጠፍተው ሳሉ፣ ከማዕዳቸው የወጣ አንድ ትንሽ መብል እስከ ዛሬ ይኖራል። ይኸውም እኛ ሳምቡሳ የምንለው ነው። አንባቢ ሆይ፣ የዚህን መብል መንገድ ጥቂት እንከተል። የምንጠቅሳቸውም ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የወጣ ነው፤ ፋርሶች ሰንቦሳግ ይሉት ነበር፤ ዓረቦችም ከእነርሱ ተቀብለው ሰንቡሰጅ አሉት። በ850 የሞተው የባግዳድ ስመ ጥር ዘፋኝ ኢስሐቅ አል መውሲሊ ይህን መብል በግጥም አመስግኖታል። ግጥሙም ከ944 እስከ 946 በነገሠው በኸሊፋው በአል ሙስተክፊ ግብዣ ላይ እንደ ተነገረ ታሪክ ጸሐፊው አል መስዑዲ ጽፎአል። እንግዲህ በዚያን ዘመን በባለ ቅኔ አፍ መመስገን የጦር አለቆች ዕድል ብቻ አልነበረም።

በ1226 አል ባግዳዲ የተባለ ሰው በዚያችው ከተማ የወጥ ቤት መጽሐፍ ጻፈ፤ የሰንቡሰጅንም አሠራር አኖረልን። ሥጋው ተቀቅሎ ይወቀጣል፤ በድንብላል፣ በከሙን፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በቀረፋና በናና ይጣፍጣል፤ ከዚያም በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ በሰሊጥ ዘይት ይጠበሳል። ሥጋ የሌለበት፣ በስኳርና በዛፍ በሚበቅለው ለውዝ የተሞላ ጣፋጭ ዓይነትም ነበረው። መጽሐፉ ከተጻፈ ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ1258፣ ሞንጎሎች ባግዳድን አጠፉ፤ ኸሊፋውንም ገደሉ። ቤተ መንግሥቱ ፈረሰ፤ መብሉ ግን አልጠፋም፤ ዕውቀቱ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በሰው እጅ ይኖር ነበርና።

ወደ ምሥራቅም ተጓዘ። የጣንጃ ተወላጅ የሆነው መንገደኛ ኢብን በጡታ ከ1330 እስከ 1340 ባሉት ዓመታት ውስጥ በዴልሂ በሱልጣን መሐመድ ቢን ቱግሉቅ ግቢ ተቀምጦ ነበር። በዚያም ሰሙሰክ የሚባል መብል እንደ ቀረበ ይናገራል፤ ይኸውም የተከተፈ ሥጋ ከለውዝና ከሽንኩርት ከቅመምም ጋራ በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ በቅቤ የተጠበሰ ነው። ከዚያም በኋላ በማንዱ ከተማ የነበረው የማልዋ ሱልጣን ጊያስ ሻህ የመንግሥቱን ሥራ ለልጁ ትቶ ራሱን ለደስታ ሰጠ፤ በ1500 ግድምም ብዙ ዓይነት የሳምቡሳ አሠራር ያለበት ባለ ሥዕል መጽሐፍ ተዘጋጀለት። በሥዕሎቹ ላይ ሱልጣኑ ተቀምጦ ሳለ ሴቶች ድስት ሲያማስሉና ሲያቀርቡ ይታያሉ። የሱልጣኑ ስም ቀርቶልናል፤ የሴቶቹ ስም ግን አልተጻፈም። መብሉን ከእናት ወደ ልጅ ያሻገሩት ግን እንደ እነርሱ ያሉ ሰዎች ናቸው።

በመካከለኛው እስያ ያሉ ሕዝቦችም ሳምሳ ብለው፣ በዘይት ከመጥበስ ይልቅ በጭቃ ምድጃ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ይጋግሩታል። ፖርቱጋሎች በ1510 ጎአን ከያዙ በኋላ ሻሙሳ ብለው ተቀበሉት፤ ዛሬም በሞዛምቢክና በሊዝቦን በዚህ ስም ይበላል። ከአሜሪካ የመጡት ድንችና ቃሪያ በእስያ በተስፋፉ ጊዜ ደግሞ የሕንድ ሰዎች ሥጋውን በድንች ለወጡት፤ ሥጋ የማይበላውም ሰው ሁሉ ተካፋይ ሆነ።

ወደ አገራችን በየትኛው በር ገባ ቢባል፣ ስሙ ጥቂት ይመሰክራል። የዛሬዎቹ ሕንዶች ሳሞሳ ሲሉ «ቡ» የሚለው ድምፅ ወድቆአል፤ በእኛ፣ በሶማሌና በየመን ግን ስሙ ድምፁን እንደ ያዘ ነው። ስለዚህ በዓረቦችና በቀይ ባሕር ንግድ በኩል እንደ መጣ መገመት ይቻላል።

እዚህም ሲደርስ እንደ አገሩ ሆነ። ጾመኛው የአገራችን ሰው ሥጋውን አውጥቶ በምትኩ ድፍን ምስር አገባበት፤ ቅቤውንም በዘይት ለወጠ። የቤት እመቤት የስንዴውን ሊጥ አሽታ በስሱ ትዳምጣለች፤ ቆርጣም እንደ ቀንድ ትጠቀልለዋለች፤ ምስሩን ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋራ ትሞላዋለች፤ አፉን በቀጭን ሊጥ አጣብቃ ትጠብሰዋለች። በዚያች አንዲት ጕርሻ ውስጥ የፋርስ ስም፣ የአሜሪካ ቃሪያ፣ የራሳችንም ምስር በአንድነት አሉ። በረመዳን የሚያፈጥረው ጎረቤትም በሥጋ ሞልቶ ይሠራዋል፤ መብሉ አንድ ሲሆን ሁለቱም ቤት እንደ ሥርዐቱ ይበላዋል።

እንግዲህ ይህ መብል የማን ነው? አንዳንዶች የባዕድ ነው ብለው ይንቁታል፤ ሌሎችም የእኛ ብቻ ነው ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ፋርስ ጀመረው፣ ዓረብ ጻፈው፣ ሕንድ በድንች ሞላው፣ እኛም ጾም አስተማርነው፤ ሁሉም ተበድሮ ሁሉም ጨመረበት።

ነገር ግን አንድ ጕድለት አለብን። አል ባግዳዲ የከተማውን ልክ ከጥፋቱ በፊት ጽፎ ስላኖረው ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ እናውቀዋለን። የእናቶቻችን ልክ ግን ከእጃቸው በቀር ሌላ መዝገብ የለውም፤ እጅም ይደክማል። ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ወደ ወጥ ቤት ገብቶ፣ ዱቄቱ ስንት እንደ ሆነ፣ ምስሩም እስከ ምን እንደሚበስል እናቱን ይጠይቅ፤ የነገረችውንም ከነስሟ ይጻፍ።